ስኳር የለበሰው ጠላትና የኦስዋልድ ኤቨሪ 35 ዓመታት

ማጅራት ገትር ስሙ ራሱ ምልክቱን ይናገራል። አንገት ይገትራል፣ ራስ ምታቱ ይከብዳል፣ ትኩሳቱ ያቃጥላል፣ ብርሃን ያስጠላል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አይሰጥም፤ ጠዋት ሲሯሯጥ የነበረ ልጅ ማታ ራሱን ስቶ ሊገኝ ይችላል። ከሞት የተረፈውም ሁሉ በደህና አይተርፍም። ጆሮው የሚደነቁር አለ፣ አእምሮው የሚጎዳ አለ። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከሴኔጋል ተነስቶ አህጉሩን አቋርጦ ኢትዮጵያ ላይ በሚያበቃው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ነው። ደረቁና አቧራማው ወቅት ሲገባ ወረርሽኙ ይቀሰቀሳል፣ ዝናብ ሲጥል ይበርዳል። እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 የተነሱት ወረርሽኞች እያንዳንዳቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ለበሽታ ዳርገዋል።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ወረርሽኙ ሳይሆን ስለ አንድ ሰው ነው። ኦስዋልድ ኤቨሪ ይባላል። ስሙን የሰማ ሰው ካለ ምናልባት የሰማው ከዲኤንኤ ጋር ተያይዞ ነው። ዘር ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዲኤንኤ መሆኑን በሙከራ ያሳየው እሱ ነውና። እኔን የሳበኝ ግን ያ አይደለም። ይሄ ሰው ዋና ሥራው የሳንባ ምች ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ሕፃናትን ከማጅራት ገትር የሚከላከሉት ክትባቶች መሠረታቸው እሱ ላብራቶሪ ውስጥ ተጥሎ ነበር። መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ግን ቤቱ ሳይሠራ ወደ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቆየ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኤቨሪ በ1877 ካናዳ ውስጥ፣ ሃሊፋክስ በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከእንግሊዝ የመጡ የባፕቲስት ሰባኪ ነበሩ። ልጁ አስር ዓመት ሲሆነው ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ኒውዮርክ ገባ። አባትየው የተመደቡበት ቤተክርስቲያን ያለው ድሃ በሚበዛበት፣ መርከበኛና ስደተኛ በሚተራመስበት የከተማው ክፍል ነበር። ኦስዋልድና ታላቅ ወንድሙ ኧርነስት ኮርኔት የሚባለውን ትንሽ ጥሩምባ ተምረው፣ እሁድ እሁድ የቤተክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ቆመው እየነፉ አላፊ አግዳሚውን ይጠሩ ነበር። በ1892 ግን ቤቱ ፈረሰ ማለት ይቻላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ታላቅ ወንድሙም አባቱም ሞቱ። ገና በአሥራዎቹ አጋማሽ የነበረው ኦስዋልድ የእናቱና የትንሹ ወንድሙ የሮይ አለኝታ ሆነ። ከሮይ ጋር የነበረው ቁርኝት እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልላላም፤ በኋላ ሮይም የባክቴሪያ ተመራማሪ ሆኗል።

ኮሌጅ ሲገባ የተማረው ሳይንስ አይደለም። ኮልጌት በሚባለው ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍና የንግግር ጥበብ ትምህርት ላይ ጎበዝ ነበር፣ የኮሌጁን ባንድም መርቷል። በ1900 ከተመረቀ በኋላ ወደ ሕክምና ዞሮ በ1904 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆኖ ወጣ። ለጥቂት ዓመታት በሽተኛ አከመ። አልወደደውም። ሳንባው የታመመ ሰው ፊቱ ቁጭ ብሎ እሱ ግን የሚያደርግለት ነገር ማጣቱ አስጠላው። በ1907 ብሩክሊን ውስጥ ሆግላንድ የሚባል ላብራቶሪ ገባና ባክቴሪያ ላይ መሥራት ጀመረ። እዚያ ነርሶችን ያስተምር ነበርና ፕሮፌሰር የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ስሙ አጥሮ ፌስ ሆነና እስኪሞት ተከተለው።

በ1913 የሮክፌለር ተቋም ሆስፒታል ዳይሬክተር ሩፉስ ኮል ሥራውን አይቶ ወሰደው። ሮክፌለር ማለት በነዳጅ ዘይት የዓለም አንደኛ ሀብታም የሆነው ሰው ነው፤ ተቋሙን በ1901 ያቋቋመው ሐኪሞች በሽተኛ በማከም ሳይጠመዱ እንዲመራመሩ ብሎ ነው። ስለ ሮክፌለር የንግድ አሠራር ብዙ ማለት ይቻላል፣ ግን ያ ገንዘብ ባይኖር ኤቨሪ የሚባል ሰው አይኖርም ነበር። ለ35 ዓመት በየዓመቱ ምን አተረፍክ ሳይባል ደመወዝ ተከፈለው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያጠናው ደግሞ በመሠረቱ አንዲት ባክቴሪያ ነው፤ ኒሞኮከስ።

ኒሞኮከስ በዚያ ዘመን ሰው ገዳይ ነበረች። የሳንባ ምች ታመመ ሲባል ቤተሰብ እንዲያዝን የሚያደርገው እሷ ነች። ሳንባ ላይ ብቻም አትቀርም። ደም ውስጥ ገብታ የአንጎልን ሽፋን ካገኘች ማጅራት ገትር ትሆናለች። እንዲያውም ማጅራት ገትር ከሚያመጡት ዋና ዋና ባክቴሪያዎች ውስጥ ሦስቱን ብናነሳ፣ ማለትም ሜኒንጎኮከስ፣ ኒሞኮከስ እና ሂብ በሚል አጭር ስም የምናውቃት ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ፣ ሦስቱም አንድ የጋራ ዘዴ አላቸው። ከላይ የሚያንሸራትት ካባ ይለብሳሉ። ነጭ የደም ሕዋስ ሊውጣቸው ሲመጣ መያዣ ያጣል፣ ቅባት እንደተቀባ ታጋይ ያመልጡታል። ካባዋን ያወለቀች ኒሞኮከስ አይጥ እንኳን አትገድልም። የለበሰችው ግን ጥቂቷ በቂ ነች።

ችግሩ ካባው አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ኤቨሪ ሮክፌለር ሲገባ ኒሞኮከስ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብላ ተከፍላለች፣ የቀረው ድብልቅልቅ ደግሞ አራተኛ ተብሎ አንድ ከረጢት ውስጥ ተከቷል። ለሕክምና የሚሰጠው ከፈረስ ደም የሚወጣ ሴረም ነበር። ፈረሱ በአንደኛው ዓይነት ከተወጋ ሴረሙ የሚያድነው አንደኛው የያዘውን ሰው ብቻ ነው። ለሁለተኛው ምንም አይፈይድም። ስለዚህ በሽተኛው ሲመጣ አክታው አይጥ ላይ ተወግቶ የትኛው ዓይነት እንደያዘው እስኪታወቅ ሰዓታት ይጠበቃል። ሰውየው እያጣጣረ ነው፣ ሐኪሙ አይጧን ያያል። ሰፊ መከላከያ የሚባለው ነገር፣ ማለትም አንድ ክትባት ብዙ ዓይነቶችን እንዲሸፍን ማድረግ፣ ዛሬም ድረስ የማጅራት ገትር ክትባት ሠሪዎችን የሚያስጨንቀው ይኸው ያኔ የነበረ ጉዳይ ነው።

በ1917 ኤቨሪና ጓደኛው አልፎንስ ዶሼ ደስ የሚል ነገር አዩ። የታመመ ሰው ሽንትና ደም ውስጥ ከባክቴሪያዋ ላይ እየሟሟ የሚወጣ ነገር አለ፣ ነገሩም እንደ ባክቴሪያዋ ዓይነት ይለያያል። ምንድን ነው? ያን ጊዜ ሳይንቲስቱ ሁሉ የሰውነት መከላከያ የሚያውቀው ፕሮቲን ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር። በመሀል አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ኤቨሪ ገና ካናዳዊ ስለነበር የአሜሪካ ጦር ውስጥ በተራ ወታደርነት ተመዘገበ፣ በ1918 ዜግነት ሲያገኝ ሻምበል ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ማይክል ሃይደልበርገር የተባለ ኬሚስት አገኘና ያን ነገር እንዲያጣራለት ወተወተው። በ1923 መልሱ ታተመ። ካባው ስኳር ነው። በሳይንስ ስሙ ፖሊሳካራይድ፣ ማለትም የስኳር ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሩት ሰንሰለት።

ብዙዎች አላመኑም። ስኳር እንዴት? የተደበቀ ፕሮቲን አብሮ ቀርቶ ይሆናል አሉ። ኤቨሪ አልተጣላም፣ መልስ ለመስጠት አልተሯሯጠም፣ ሙከራውን ብቻ ደገመ። ጠባዩ እንዲህ ነበር። አጭርና ቀጭን፣ ጭንቅላቱ ለሰውነቱ የሚተልቅ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው። ትዳር አልያዘም፤ ለብዙ ዓመታት ከዶሼ ጋር አንድ አፓርታማ ተጋርቶ ኖረ። ለስብሰባ ሲጠሩት አይሄድም፣ ደብዳቤ ለመመለስ ሰነፍ ነው። አዲስ ተመራማሪ ወደ ላብራቶሪው ሲመጣ ግን አስቀምጦ ስለ ኒሞኮከስ ረጅም ወግ ያወራለታል። ወጉ ቃል በቃል የተጠና ስለነበር ልጆቹ በዘመኑ ታዋቂ በነበረ የሸክላ ሙዚቃ ስም ይጠሩት ነበር። የንግግር ጥበብ ትምህርቱ ከንቱ አልቀረም ማለት ነው። ሌላም ነገር ነበረው፤ በእጁ ያልሠራበት ጥናት ላይ ስሙ እንዲጻፍ አይፈቅድም። ዛሬ የመምሪያ ኃላፊ ስለሆነ ብቻ ጽሑፍ ላይ ስሙን የሚያስገባ ሰው ለሚያውቅ አንባቢ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ስኳሩ መታወቁ ጥሩ ነው፣ ክትባት ለማድረግ ግን እክል ገጠመው። ንጹሑ ስኳር ጥንቸል ላይ ሲወጋ ጥንቸሏ ምንም አታደርግም። ኤቨሪና ዋልተር ጎብል የተባለው ኬሚስት ከ1929 እስከ 1931 ባሉት ዓመታት አንድ ብልሃት ሞከሩ። የሦስተኛውን ዓይነት ስኳር ከፈረስ ደም ከተገኘ ፕሮቲን ጋር በኬሚካል አጣበቁት። አሁን ጥንቸሎቹ ነቁ፤ ስኳሩን የሚያጠቃ አንቲቦዲ አመረቱ፣ ሦስተኛው ዓይነት ኒሞኮከስ ሲወጉም ተቋቋሙት።

ነገሩን በእኛ አገር ቢሮክራሲ ላስረዳ። ስኳሩ ብቻውን ቢሮ ሲሄድ ነገ ና ተብሎ የሚመለስ ባለጉዳይ ነው። ፕሮቲኑ ግን ውስጥ ያሉትን የሚያውቅ ዘመድ ነው፤ እጁን ይዞት ሲገባ ፋይሉ ይከፈታል። የሰውነት መከላከያ ውስጥ ያሉት ረዳት ሕዋሳት የሚያናግሩት ፕሮቲንን ነው። እነሱ ሲነቁ ምላሹ ይጠነክራል፣ ከዚያም በላይ ሰውነት ያስታውሰዋል፣ ፋይሉ ሳይጠፋ ይቀመጣል ማለት ነው። ይሄ በተለይ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ሕፃን ልጅ ስኳር ብቻ ለያዘ ክትባት በቅጡ ምላሽ አይሰጥም፣ ማጅራት ገትር ደግሞ በጣም የሚጎዳው እነሱኑ ነው። ለዚህ ነው የዛሬዎቹ ክትባቶች የተጣመሩ የሚባሉት።

ስለዚህ በ1931 ቁልፉ እጃቸው ላይ ነበር። ያው ዓመት ሌላም ነገር ይዞ መጣ። ሬኔ ዱቦስ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ የኤቨሪን ወግ ሰምቶ፣ ይሄን ስኳር የሚበላ ነገር አፈር ውስጥ መኖር አለበት ብሎ ተነሳ። ከረግረጋማ የክራንቤሪ ማሳ ካመጣው አፈር ውስጥ የሦስተኛውን ዓይነት ካባ የሚያፈርስ ኢንዛይም ያላት ባክቴሪያ አገኘ። ኢንዛይሙ የተሰጣቸው አይጦች ዳኑ። ግን እሱም ለሦስተኛው ዓይነት ብቻ ነበር። እዚያው ሮክፌለር ሆስፒታል ውስጥ ደግሞ ማርጋሬት ፒትማን በዚያው ዓመት የሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛን ካባዎች ከኤ እስከ ኤፍ ለየችና ሕፃናት ላይ ማጅራት ገትር የምታመጣው ቢ የተባለችው መሆኗን አሳየች። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ዓመት።

ታዲያ ለምን ሃምሳ ዓመት ጠፋ?

መልሱ መድኃኒት ተገኘ የሚል ነው፣ ሲሰሙት የሚያስገርም ቢሆንም። በ1930ዎቹ አጋማሽ የሰልፋ መድኃኒቶች መጡ፣ በ1940ዎቹ ፔኒሲሊን ተከተለ። ፔኒሲሊን የካባውን ዓይነት አይጠይቅም፣ አይጥ አይፈልግም፣ ፈረስ አይፈልግም። የሴረሙ ሥራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞተ። የኤቨሪ ደቀ መዝሙር ኮሊን ማክላውድ ከሃይደልበርገር ጋር ሆኖ በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ የኒሞኮከስ ስኳር ክትባት ሞክሮ እንደሚሠራ በ1945 አሳየ። ስኲብ የሚባለው ኩባንያም ክትባቱን ገበያ ላይ አወጣው። የገዛ የለም። ሐኪሙ ፔኒሲሊን ጽፎ መስጠት እየቻለ ለምን ይከትባል? ኩባንያው ምርቱን አቆመ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ክፍል ውስጥ ስንማር ገበያ የሚሳሳትበት ቦታ ብለው ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ ክትባት ነው፤ አንዱ ሲከተብ ጎረቤቱም ይጠቀማል፣ ለጎረቤቱ ጥቅም ግን የሚከፍል የለም። የኒሞኮከስ ታሪክ አንድ ነገር ይጨምርበታል። ሕክምናው ርካሽ የሆነ ሲመስል መከላከያው ዋጋ ያጣል። ያልታመመ ሰው አይታይማ። የዳነ ሰው ግን ሐኪሙን ሊያመሰግን ተመልሶ ይመጣል። ሮበርት ኦስትሪያን የሚባል ሐኪም በ1964 ባሳተመው ጥናት፣ ኒሞኮከስ ደማቸው ውስጥ ከገባ ሕመምተኞች መካከል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት የሚሞቱትን ፔኒሲሊን ሊያተርፋቸው እንዳልቻለ አሳየ። መድኃኒቱ ሲደርስ ጉዳቱ አልቋል። ያኔ ነው ክትባት የሚለው ቃል እንደገና ጆሮ ማግኘት የጀመረው።

ኤቨሪ ግን በዚህ ሁሉ መሀል ሌላ መንገድ ላይ ነበር። በ1928 ለንደን ውስጥ ፍሬድ ግሪፊዝ የተባለ ሐኪም ግራ የሚያጋባ ነገር አሳተመ። ካባ የሌላት ሕያው ኒሞኮከስና ካባ የነበራት ግን በሙቀት የተገደለች ኒሞኮከስ አንድ ላይ አይጥ ላይ ሲወጉ አይጧ ትሞታለች፣ ከውስጧ የሚወጣው ደግሞ ካባ የለበሰች ሕያው ባክቴሪያ ነው። የሞተችው ለሕያዋ ካባ መሥሪያውን አውርሳታለች። ኤቨሪ መጀመሪያ አላመነም። ዓይነቶቹ አይቀያየሩም ብሎ ዕድሜውን የሠራ ሰው ነው፣ እንዴት ይመን? የራሱ ልጆች ላብራቶሪው ውስጥ ሲደግሙት ግን እጅ ሰጠ። በዚያ ጊዜ እሱ ራሱ በእንቅርት ዕጢ ሕመም ተጎድቶ ነበር፣ ቀዶ ሕክምናም ተደረገለት።

ከዚያ ውርሱን የሚያሻግረው ነገር ምንድን ነው የሚለውን ከማክላውድ፣ በኋላም ከማክሊን ማካርቲ ጋር ለዓመታት አጣራው። ፕሮቲን የሚያፈርስ ኢንዛይም ሲጨምሩ ሥራው አይቆምም። አርኤንኤ የሚያፈርስ ሲጨምሩም አይቆምም። ዲኤንኤ የሚያፈርሰው ሲገባ ግን ያበቃል። ጽሑፉ በየካቲት 1944 ወጣ፤ ኤቨሪ 66 ዓመቱ ነበር፣ በወረቀት ጡረታ ወጥቷል። ከመታተሙ በፊት በ1943 ለወንድሙ ለሮይ በጻፈው ረጅም ደብዳቤ ዘረመል ሊሆን እንደሚችል አንስቷል። በታተመው ጽሑፍ ላይ ግን ቃሉን ቆጥቦ ነው የተናገረው። እዚያው ተቋም ውስጥ ያለው አልፍሬድ ሚርስኪ ፕሮቲን ቀርቶበት ይሆናል እያለ ሲሟገተው ኖረ። በ1923 ስለ ስኳሩ የሰማው ክርክር ከሃያ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣበት። ሁለቱንም ጊዜ ትክክል የነበረው ኤቨሪ ነው።

ኖቤል አላገኘም። ከ1930ዎቹ ጀምሮ በተደጋጋሚ ታጭቶ ነበር፣ መጀመሪያ በስኳሩ ሥራ፣ በኋላ በዲኤንኤው። ኮሚቴው ትንሽ እንጠብቅ ሲል ሰውየው አለቀ። በእኔ ግምት ከኖቤል ታሪክ ትልልቅ ግድፈቶች አንዱ ነው፣ እንዲህ የሚሉ ብዙ ሳይንቲስቶችም አሉ። የእንግሊዙ ሮያል ሶሳይቲ ግን በ1945 ኮፕሊ የሚባለውን ትልቁን ሜዳሊያ ሰጠው። አትላንቲክን ተሻግሮ ለመቀበል አልሄደም። ሰር ሄንሪ ዴል ሜዳሊያውን ይዘው ራሳቸው ኒውዮርክ መጡለት። በ1948 ላብራቶሪውን ለቆ ቴነሲ ውስጥ ናሽቪል ሄደ፣ ወንድሙ ሮይ አጠገብ ሊኖር። በ1955 በጉበት ካንሰር ሞተ፣ 77 ዓመቱ ነበር። ዋትሰንና ክሪክ የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳተሙት ከሞቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ካባው ግን ጥያቄውን ይዞ ቀረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ውስጥ ሜኒንጎኮከስ ሰልፋን ተላምዳ ምልምል ወታደር መግደል ስትጀምር፣ ኤሚል ጎትሽሊክ የኤንና የሲን ቡድን ስኳር አጣርቶ ክትባት ሠራ። ለወታደር ሠራ፣ ለሕፃን ግን ደካማ ነበር። ያኔ ነው ጆን ሮቢንስና ሬቸል ሽኔርሰን የኤቨሪንና የጎብልን የድሮ ጽሑፍ አንስተው የሂብን ስኳር ከፕሮቲን ጋር ያጣመሩት። ሥራቸው በ1980 ታተመ። ፖርተር አንደርሰንና ዴቪድ ስሚዝም በሌላ ላብራቶሪ ተመሳሳይ መንገድ ሄዱ። ክትባቱ በ1990 ለአሜሪካ ሕፃናት ሲፈቀድ ሂብ የምታመጣው ማጅራት ገትር በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ ወረደ። ሐኪም ሆኖ ሥራ የጀመረ ወጣት በሽታውን ሳያይ የሚያረጅበት ጊዜ መጣ። ወደ እኛ የመጣው በ2007 ነው፣ ፔንታቫለንት በሚባለው አምስት በአንድ ክትባት ውስጥ ሆኖ። የኒሞኮከሱ ደግሞ በ2011 ተከተለ። ጤና ጣቢያ ልጅ ያስከተበ ሁሉ የኤቨሪን ሥራ የልጁ ጭን ላይ አይቷል።

የአፍሪካ ቀበቶ ዋና ጠላት ግን የሜኒንጎኮከስ ኤ ቡድን ነበር። በ1996 የተነሳው ወረርሽኝ ወደ 250 ሺህ ሰው አሳሞ 25 ሺህ ያህል ገደለ። ሀብታም አገሮች ውስጥ ኤ ቡድን ስለሌለ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ክትባቱን ለመሥራት አልጓጉም፤ የሚታመመው ሕዝብ መክፈል አይችልማ። የአፍሪካ ኃላፊዎች የጠየቁት ዋጋ አንዱ ክትባት ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም እንዳይበልጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ የተባለው ድርጅት በጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ፕሮጀክት ጀመሩ፣ የማጣመር ዘዴው ከአሜሪካ መንግሥት ላብራቶሪ ተወሰደ፣ የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩት አመረተው። ስኳሩን እጁን ይዞ የሚያስገባው ዘመድ እዚህ የቴታነስ ፕሮቲን ነው። ሜንአፍሪቫክ ተብሎ በታኅሣሥ 2010 ቡርኪናፋሶ ውስጥ መሰጠት ጀመረ፣ ኢትዮጵያ በ2013 ዘመቻውን ጀመረች። በቀበቶው ውስጥ ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ። ኤ ቡድን ጠፋች ማለት እስኪቻል ድረስ ወረደች። ዋጋው ቀድሞ ተቆርጦ ምርቱ ኋላ የተሠራበት ክትባት ነው፤ የኢኮኖሚክስ መምህሮቻችን ለምን ይሄን ምሳሌ እንደማይሰጡን አይገባኝም።

ኤ ስትጠፋ ታዲያ ሌሎቹ አልጠፉም። ደብልዩ በ2000 ከሐጅ ተጓዦች ጋር ተያይዛ በብዙ አገሮች ተሰራጭታ ነበር። ሐጅ ወይም ዑምራ የሄደ ሰው ሳዑዲ ከመግባቱ በፊት የአራት ቡድን ክትባት ለምን ግዴታ እንደሆነበት ምክንያቱ ይሄ ነው። ሲ ናይጄሪያና ኒጀር ላይ ተነሳች፣ ኤክስ የምትባለውም አለች፣ ለእሷ ደግሞ ክትባት የሚባል ነገር አልነበረም። ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ዋይ እና ኤክስን አንድ ላይ የያዘው አዲሱ ክትባት በ2023 የዓለም ጤና ድርጅትን ማረጋገጫ አገኘ፣ በ2024 ናይጄሪያ ከዓለም ቀድማ መስጠት ጀመረች።

ቢ ግን በኤቨሪ መንገድ እጇን አትሰጥም። የቢ ካባ ስኳር የሰው ነርቭ ሕዋስ ላይ ካለው ስኳር ጋር ይመሳሰላል። ሰውነት የራሱ ነው ብሎ ያልፈዋል፣ ቢያጠቃውም ራሱን እንዳያጠቃ ያስፈራል። መፍትሔው የመጣው ከሌላኛው የኤቨሪ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። ጣሊያን ሲዬና ውስጥ ሪኖ ራፑዎሊና ባልደረቦቹ የባክቴሪያዋን ሙሉ ዲኤንኤ አስነብበው፣ ከካባው በታች ወደ ውጭ የሚታዩትን ፕሮቲኖች ከዝርዝሩ ውስጥ መረጡ። የዘረመሉ ንባብ በ2000 ታተመ፣ ክትባቱ በ2013 አውሮፓ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ፕሮቲኖቹ ካባ ሳይለዩ ብዙ ዝርያ ላይ ስለሚገኙ መከላከያው ከአንድ ቡድን ሊያልፍ ይችላል።

ምን ያህል ሊያልፍ እንደሚችል የሚያሳይ ነገር ኒውዚላንድ ውስጥ ታይቷል። እዚያ በሌላ የቢ ቡድን ክትባት፣ ከባክቴሪያዋ የላይኛው ሽፋን በተሠራ፣ ብዙ ወጣት ተከትቦ ነበር። በ2017 የታተመ ጥናት የተከተቡት በጨብጥ የመያዝ ዕድላቸው በ31 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን አሳየ። የጨብጥ ባክቴሪያ የሜኒንጎኮከስ የቅርብ ዘመድ ነች፣ ካባ ግን ጭራሽ አትለብስም፤ የሚጋሩት ከሥር ያለውን ብቻ ነው። የኤቨሪ ባክቴሪያ ኒሞኮከስ በበኩሏ ዛሬ ከ100 በላይ የካባ ዓይነት ተቆጥሮላታል። አዳዲሶቹ የተጣመሩ ክትባቶች 20 እና 21 ዓይነት ይይዛሉ። ካባዋን ትተው በፕሮቲኗ ብቻ ሊከላከሏት የሞከሩ ክትባቶች ግን እስካሁን አንዳቸውም ፈቃድ አላገኙም።